«ኺድማ ነውና ታገሺ» ሲባል፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። የተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፣ ስሜ እንዳይወጣ እየለመንሁ ጉዳዬን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

የምኖረው በድሬዳዋ ከተማ ሳቢያን አካባቢ ነው። የቲሞችን (ወላጅ አልባ ልጆችን) በሚረዳና በገጠር ቀበሌዎች የውኃ ጉድጓድ በሚያስቆፍር አንድ የሙስሊም ግብረ ሠናይ ድርጅት ውስጥ በፕሮጀክት አስተባባሪነት ስሠራ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ድርጅቱ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን የተመዘገበ፣ ቦርድም ሥራ አስኪያጅም ያለው ነው። ከዚያ በፊት በነበርሁበት መሥሪያ ቤት ዙህርን የምሰግደው በዕቃ ክፍሉ ጥግ ካርቶን አንጥፌ፣ ሰው እንዳያየኝ እየተሳቀቅሁ ነበር። ስለዚህ አዛን ሲሰማ ሁሉም ተነሥቶ የሚሰግድበት፣ ስለ ሒጃቤ ማንም የማይጠይቀኝ ቦታ ሳገኝ ደመወዜ ቢቀንስም ደስ እያለኝ ገባሁ።

ችግሩ የመጣው ቀስ በቀስ ነው። በረመዳን የኢፍጣር ምግብ ስናከፋፍል እስከ እኩለ ሌሊት እንቆያለን፤ በዐረፋ ደግሞ የኡድሒያ (የበዓሉ ዕርድ) ሥጋ ለማድረስ የበዓሉን ዕለት ሙሉውን በገንደ ቆሬና በየገጠሩ ስንዞር እንውላለን። የትርፍ ሰዓት ክፍያ ስንጠይቅ «ይህ ኺድማ (ለአላህ ተብሎ የሚደረግ አገልግሎት) ነው፤ አጅሩን (ምንዳውን) ከአላህ ጠብቁ» እንባላለን። ኺድማ የምጠላ ሆኜ አይደለም፤ ነገር ግን እሑድ ለሪፖርት ሲጠሩንም፣ እንግዳ ከአየር ማረፊያ ስንቀበልም የሚነገረን ይኸው ነው። ሥራ አስኪያጁ አክለውም፣ የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ መብለጥ ስለማይፈቀድ ትርፍ ሰዓት መክፈልን ሕጉ ራሱ ይከለክለናል ይላሉ።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ «የሠራተኛ ሰደቃ» በሚል ከእያንዳንዳችን ደመወዝ በየወሩ ይቆረጣል፤ የፈረምነው ወረቀት የለም። በጠዋቱ ስብሰባ ሥራ አስኪያጁ በሁሉም ፊት ይጮኻሉ። አንድ ጊዜ ሪፖርት በማዘግየቴ «ሶላትሽም እንደ ሪፖርትሽ ከሆነ ወየውልሽ» ብለውኛል፤ ሌላ ጊዜ አባያዬ ጠበበ ብለው በወንዶች ፊት ተናግረውኛል። ይህን ሁሉ ነሲሓ (ምክር) ነው ይሉታል። ዋና ዋና ነገር የሚወሰነው ከሰዓት በኋላ እርሳቸውና የሚቀርቧቸው ወንዶች በሚቀመጡበት በርጫ (የጫት ቅምጥ) ላይ ነው፤ እኔ የማስተባብረው የውኃ ጉድጓድ ቦታው መቀየሩን የሰማሁት ከሾፌሩ ነው። አዲስ የሚቀጠሩትም በአብዛኛው ዘመዶቻቸው ናቸው።

ጉዳዩን ለአንድ የቦርድ አባል ባዋያቸው፣ «የሙስሊም ገመና ይሸፈናል እንጂ አይገለጥም፤ ለጋሾች ከሰሙ የየቲሞቹ ጉሮሮ ይዘጋል፤ የፊትና (የሁከት) ምክንያት አትሁኚ» አሉኝ። እናቴም «ሰብር አድርጊ፤ በነፃነት የምትሰግጂበት ሌላ ቦታ ከየት ታገኛለሽ?» ትለኛለች። ቅሬታ ማቅረቤ ሐሜት ይሆንብኛልን? ድርጅቱ እስላማዊ መሆኑስ መብቴን ይለውጠዋልን? ልታገሥ ወይስ ልልቀቅ?

የእናንተው አንባቢ፣ ከድሬዳዋ

መልስ

ወዐለይኪ ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ፣ እህታችን። ከጥያቄዎችሽ መካከል ሁለተኛውን ላስቀድም፤ የቀሩት በእርሱ ላይ የቆሙ ናቸውና። ድርጅቱ የሙስሊሞች መሆኑ ከመብትሽ ምንም አይቀንስም። ከእነርሱ ጋር ያለሽ ግንኙነት የሥራ ውል ነው፤ ሱረቱል ማኢዳህ የሚጀምረውም ያመኑትን ሰዎች ውሎቻችሁን ሙሉ ብሎ በማዘዝ ነው። ትእዛዙ የተነገረው ለአማኞች እንደመሆኑ፣ በሃይማኖት ስም የቆመ ድርጅት ውሉን የማክበር ግዴታው ከሌላው አሠሪ ይጠብቃል እንጂ አይላላም።

በሕጉም በኩል አንድ ነገር ልታውቂ ይገባል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሃይማኖትና የበጎ አድራጎት ድርጅቶች በሚመሠርቱት የሥራ ግንኙነት ላይ አዋጁ ተፈጻሚ እንዳይሆን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ሊወስን እንደሚችል ይናገራል፤ ይህችን ዐረፍተ ነገር ጋሻ የሚያደርጓት አሠሪዎች አሉ። ምክር ቤቱ ሊወስን ይችላል ማለት ግን ወስኗል ማለት ስላልሆነ፣ «አዋጁ እኛን አይመለከተንም» የሚል አሠሪ ነፃ የሚያወጣውን ደንብ ከነቁጥሩ ማሳየት ይጠበቅበታል። ደግሞም አንቺ የተቀጠርሽው ለኢማምነት ወይም ቁርኣን ለማስቀራት አይደለም፤ ፕሮጀክት ለማስፈጸም ነው። «አስተባባሪ ስለሆንሽ የሥራ መሪ ነሽ፤ አዋጁ አይሸፍንሽም» ቢሉሽም አትደንግጪ። ሕጉ የሚመለከተው የመጠሪያ ስሙን ሳይሆን ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማገድ ወይም የማሰናበት፣ ወይም የድርጅቱን ፖሊሲ የማውጣት ሥልጣን በእርግጥ አለሽ ወይ የሚለውን ነው። የራስሽ ጉድጓድ መቀየሩን ከሾፌር የምትሰሚ ሴት የሥራ መሪ ናት ብሎ ዳኛ ማሳመን ቀላል አይመስለኝም።

አሁን ወደ ሐሜቱ ጥያቄ። የቦርዱ አባል የጠቀሱልሽ የሙስሊምን ነውር የመሸፈን ትምህርት እውነተኛና ትልቅ ትምህርት ነው። ነገር ግን የሚመለከተው ሰው ለብቻው የተሰናከለበትን፣ በእርሱና በጌታው መካከል ያለውን ጉድለት ነው፤ የሌላ ሰው ሐቅ እየተወሰደበት የሚቀጥልን አሠራር ለመሸፈን የታዘዘ የለም። ቁርኣን በሱረቱን ኒሳእ በ148ኛው አንቀጽ ክፉ ንግግርን በይፋ ማውጣት አላህ እንደማይወድ ከተናገረ በኋላ የተበደለውን ሰው ለይቶ ያወጣዋል። ኢማም አን-ነወዊም ሐሜት የሚፈቀድባቸውን ስድስት ሁኔታዎች ሲዘረዝሩ ቀዳሚ ያደረጉት፣ የተበደለ ሰው ጉዳዩን ለመዳኘት ሥልጣን ላለው አካል ማቅረቡን ነው። ማስረጃውም የታወቀ ነው። ሂንድ ቢንት ዑትባ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጥታ ባሏ አቡ ሱፍያን ንፉግ እንደሆነና ለእርሷና ለልጇ የሚበቃ እንደማይሰጣት ስትናገር፣ «ባልሽን አማሽው» አልተባለችም፤ በአግባቡ የሚበቃሽን ውሰጂ ተብሎ ተፈረደላት። (ይህን ታሪክ ሰምቶ ከድርጅቱ ፔቲ ካሽ የትርፍ ሰዓቱን ለመውሰድ የሚያስብ አንባቢ ካለ፣ ሂንድ ጉዳዩን ለዳኛ አቅርባ እንደጠየቀችና እንደተፈረደላት ያስታውስ።)

ስለዚህ ወሰኑ የሚሰመረው በምትናገሪው ነገርና በምትናገሪለት ሰው ላይ ነው። ለቦርዱ፣ ለአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊዎች፣ ለዳኛ፣ ወይም ምክር ለምትጠይቂው ሰው የደረሰብሽን ያህል መናገር ሐሜት አይደለም። ከቀፊራ ገበያ ስትመለሱ ከባልደረባሽ ጋር በባጃጅ ውስጥ የሥራ አስኪያጁን የቤት ኑሮ ማንሣት ግን ሐሜት ነው፤ እውነት ቢሆንም ሐሜትነቱ አይቀርም። ለፊትናው ስጋት ደግሞ መልሴ አጭር ነው፦ ሠራተኛው ሲበደል ዝም ተብሎ፣ በደሉን ሲናገር ፊትና ከተባለ፣ ስሙ የተሰጠው ለተሳሳተው ወገን ነው።

ኺድማውን ስናይ ነገሩ ይሰፋል። በፈቃድሽ፣ ከሥራ ሰዓትሽ ውጭ፣ አጅሩን አስበሽ የምታደርጊው አገልግሎት ኺድማ ነው፤ ይህን ማንም ሊነጥቅሽ አይገባም። ነገር ግን ፈቃደኝነት መቅረትንም የሚፈቅድ ነገር ነው። ባትመጪ በጠዋቱ ስብሰባ ስምሽ የሚነሣ ከሆነ፣ የተሰጠሽ ትእዛዝ እንጂ የኺድማ ግብዣ አይደለም፤ ትእዛዝ ደግሞ ክፍያ አለው። አዋጁ መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ወስኖ፣ ትርፍ ሰዓትን በቀን 4፣ በሳምንት 12 ሰዓት ላይ ያቆመዋል። ክፍያውም ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለሚሠራው የመደበኛው ሰዓት አንድ ተኩል፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ለሚሠራው 1.75፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ቀን ሁለት ተኩል እጥፍ ነው። ዐረፋ በአገራችን የሕዝብ በዓል ስለሆነ፣ በገንደ ቆሬ ሥጋ ስታከፋፍይ የዋልሽው ቀን በዚህ በመጨረሻው ስሌት ይታሰባል፤ የረመዳኑ ሌሊት ደግሞ ከምሽቱ 4 ሰዓት በፊትና በኋላ ተከፍሎ ይሰላል።

«20 በመቶው ይከለክለናል» የሚለው ክርክር በጥንቃቄ የተመረጠ ቢመስልም አያስኬድም። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪን ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ መገደቡ እውነት ነው፤ ነገር ግን የአስተዳደር ወጪ የሚባለው ከፕሮጀክት ሥራ ጋር ያልተያያዘው ወጪ ነው። የኡድሒያ ሥጋ ማከፋፈል ራሱ ፕሮጀክቱ ነው። ቢሆንም እንኳ፣ የወጪ ጣሪያ ድርጅቱ ሥራውን በበጀቱ ልክ እንዲያቅድ ያስገድደዋል እንጂ ያሠራውን ሰው እንዳይከፍል አይፈቅድለትም። ሠራተኛን ቀጥሮ ሥራውን ሙሉ ከተቀበለ በኋላ ዋጋውን ያልሰጠ ሰው በቂያማ ቀን አላህ ራሱ ከሚከራከራቸው ሦስት ሰዎች አንዱ መሆኑን የሚናገረውን ሐዲሥ፣ የየቲም ገንዘብ የሚያስተዳድሩ ሰዎች ከእኔ ይልቅ አጥብቀው ያውቁታል ብዬ አምናለሁ።

የደመወዙ ቅናሽ ከሁሉ ይልቅ ግልጽ ነው። አዋጁ በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልሆነ በቀር፣ ያለ ሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ከደመወዙ እንዳይቆረጥ ይከለክላል፤ ስምምነት ቢኖር እንኳ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዙ ከሲሶው መብለጥ የለበትም። በዲኑም በኩል፣ የሙስሊም ገንዘብ ከልቡ ፈቅዶ ካልሰጠ በቀር ለሌላው ሐላል እንደማይሆን የተነገረ ሲሆን፣ ያልፈቀዱት ሰደቃ ሰደቃነቱ ምኑ ላይ ነው? ከሁሉም ይልቅ በዚህ ጀምሪ እልሻለሁ፤ የሚያከራክር ነገር የሌለበት፣ ፔሮሉ ራሱ የሚመሰክርበት ጉዳይ ነውና። «ከዚህ ወር ጀምሮ እንዳይቆረጥብኝ፣ የተቆረጠውም እንዲመለስልኝ» የሚል ባለ ሁለት መሥመር ደብዳቤ ይበቃል። መስጠት ከፈለግሽ ከተመለሰልሽ በኋላ በእጅሽ ስጪ።

ጩኸቱንና ንግግሩን በተመለከተ ሁለት ነገር ለይተሽ እንድታዪ እፈልጋለሁ። ሪፖርት ከዘገየ አለቃ መጠየቁ፣ አንዳንዴም መቆጣቱ ያለ ነው፤ ድርጅቱ የአለባበስ ደንብ ቢኖረውና ለሁሉም እኩል ቢያስፈጽም ያ ብቻውን በደል አይባልም። ሕጉ የሚነካው ቁጣው ወደ ሰብአዊ ክብርሽ ሲሻገር ነው። አዋጁ አሠሪው የሠራተኛውን ሰብአዊ ክብር እንዲጠብቅ ያስገድዳል፤ ወሲባዊ ትንኮሳንም በግልጽ ይከለክላል። በወንዶች ፊት ስለ ገላሽና ልብስሽ መናገር፣ ሶላትሽን በሪፖርት መዘግየት መመዘን፣ የሥራ ግምገማ አይደለም። ነሲሓም አይሆንም፤ መካሪ ሰውን ለብቻው ይጠራል። አነስ ኢብን ማሊክ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ዐሥር ዓመት ሲያገለግል አንድ ቀን እንኳ «ኡፍ» እንዳላሉት፣ ላደረገው «ለምን አደረግህ» ላላደረገው «ለምን አላደረግህም» እንዳላሉት ተናግሯል፤ ሥራ አስኪያጁ ሱናን ለሠራተኞቻቸው ሲያስተምሩ ይህንንም ቢጨምሩበት መልካም ነው። ቀኑን፣ የተባለውን ቃልና በቦታው የነበሩትን ሰዎች በዚያው ዕለት ማስታወሻሽ ላይ ጻፊ። ከወራት በኋላ «ሁልጊዜ ይሰድቡኛል» የሚል አቤቱታ ደካማ ነው።

ስለ በርጫው የጻፍሽውን ሳነብ አልተገረምሁም። በድሬዳዋም በሐረርም ከሰዓት በኋላ ሰው ጫቱን ይዞ የሚቀመጥበት ሰዓት ወዳጅነት የሚጠብቅበት፣ ንግድ የሚታሰርበት፣ ጠብ የሚበርድበት ጊዜ መሆኑን የማያውቅ የለም። ስለ ጫቱ ብይን እዚህ አልገባም። የቢሮ ውሳኔ እዚያ ከተሰጠ ግን፣ ቃለ ጉባኤ የለውም፣ ተጠያቂም የለውም፤ ሴት ሠራተኞችም በባህሉ በዚያ ስለማይገኙ በተግባር ከሥራቸው ይወጣሉ። ይህን በክስ ልታስተካክይው አትችይም፤ በወረቀት ግን ልታጠብቢው ትችያለሽ። በቃል የደረሰሽን ውሳኔ ሁሉ በዚያው ቀን «የጉድጓዱ ቦታ እንዲቀየር መወሰኑን በቃል ሰምቻለሁ፤ የውሳኔው ቃለ ጉባኤ እንዲደርሰኝ እጠይቃለሁ» ብለሽ በአጭር ደብዳቤ ወይም በኢሜይል አረጋግጪ። ሁለትና ሦስት ጊዜ ሲደጋገም፣ ውሳኔው የጽሑፍ ዱካ እንዳለው የሚያውቁ ሰዎች መጠንቀቅ ይጀምራሉ። በዚህ የሚናደዱም ይኖራሉ፤ ለዚያ ተዘጋጂ።

የዘመድ ቅጥሩን ተይው። ያስቆጣል፤ ነገር ግን አንቺን የሚመለከት ቁጥር ያለው በደል ስላልሆነ በአቤቱታሽ ውስጥ ካስገባሽው ሌላውንም የቅናት ያስመስልብሻል።

አካሄዱን በተመለከተ፣ አስቀድመሽ በጽሑፍ ለሥራ አስኪያጁ፣ መልስ ካላገኘሽ ደግሞ ለቦርዱ ሰብሳቢ፣ ለአንድ አባል በቃል ሳይሆን በመዝገብ ቤት አስገብተሽ ግልባጩን አስፈርመሽ አቅርቢ። ከተቻለ እንዳንቺ የተቆረጠባቸው ባልደረቦችሽ አብረው ይፈርሙ፤ ዐሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋምም በሕግ የተፈቀደ ነው። ቦርዱ ካልተንቀሳቀሰ በአስተዳደሩ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይን ወደሚከታተለው ቢሮ ሄደሽ ማመልከት፣ ከዚያም የሥራ ክርክር ወደሚያየው ፍርድ ቤት መሄድ ትችያለሽ፤ ሠራተኛ ለሚያቀርበው የሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም። ለጋሾች ዘንድ መጻፍ የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው በር አይሁን። የቦርዱ አባል ስለ የቲሞቹ ያነሡት ስጋት ሐሰት አይደለም፤ ስለዚህም ነው ቦርዱ ችግሩን በቤቱ የሚፈታበት ዕድል በቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባው። ዕድሉን ካልተጠቀመበት ግን ተጠያቂው ዕድሉን የሰጠችው ሠራተኛ አይደለችም።

ነገር ግን አትዘግዪ። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ይህ ማለት ከአምናው ዐረፋና ከአምናው ረመዳን የሚበዛው በፍርድ ቤት የሚጠየቅበት ጊዜ ሳያልፍበት አልቀረም። በዚህ ላይ ግን ለቦርዱ አንድ ጥያቄ ልታቀርቢ ትችያለሽ። የሰው ሐቅ ጊዜ ስላለፈበት ብቻ በአላህ ዘንድ አይወድቅም፤ ሸሪዓን መመሪያዬ ነው የሚል ድርጅት ደግሞ የሠራተኛውን ላብ በይርጋ ሕግ ሊያስቀር ከወደደ፣ ይህንኑ በደብዳቤ ጽፎ ይስጥሽ።

ልታገሥ ወይስ ልልቀቅ ላልሽው፣ እናትሽ የሚናገሩት ከፍቅርና ከተሞክሮ ነው፤ በዕቃ ክፍል ጥግ የሰገድሽበትን ዘመን ስለሚያስታውሱ ነው። ሰብር ግን ቅሬታን በጽሑፍ ከማቅረብ ጋር አይጋጭም። እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን ጥያቄዬን አስገብቼ ቦርዱ የሚሰጠውን መልስ ሳላይ አልለቅም፤ ሳልጠይቅም ዓመት አልጨምርም። መልቀቅ ከመረጥሽ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ስጪ። ክብርንና ሞራልን የሚነካ ድርጊት ተፈጽሞብሽ ያለ ማስጠንቀቂያ የምትለቂ ከሆነ፣ ይህ መብት ድርጊቱ ከተፈጸመበት ወይም ካቆመበት ቀን ጀምሮ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተሠራበት ያልፋል፤ ምክንያቱንም በደብዳቤሽ ላይ መጻፍ አለብሽ። ሁለቱ አለቃቀቆች በስንብት ክፍያና በካሳ ረገድ ውጤታቸው አንድ ስላልሆነ፣ ከመፈረምሽ በፊት የሕግ ባለሙያ አማክሪ። በየትኛውም መንገድ ብትለቂ የሚገባሽ ክፍያ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ሊከፈልሽ፣ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመንሽንና ደመወዝሽን የሚገልጽ የሥራ ልምድ ደብዳቤም ያለ ክፍያ ሊሰጥሽ ይገባል። «መጀመሪያ ታረቂ፣ ከዚያ ልምድሽን እንጽፋለን» የሚል ቅድመ ሁኔታ ሕጋዊ አይደለም።

ጥያቄ

የተከበሩ አዘጋጅ፣ በሐረር ጁገል ውስጥ በንግድ ሥራ የምተዳደር ሰው ስሆን፣ የአንድ የግል እስላማዊ ትምህርት ቤት ቦርድ ሰብሳቢ ሆኜ ያለ ክፍያ አገለግላለሁ። መምህራን ያልተከፈላቸው የማካካሻ ክፍለ ጊዜ ክፍያ እንዳለና ርዕሰ መምህሩ እንደሚያዋርዳቸው ጠቅሰው ለቦርዱ በጽሑፍ አመለከቱ። ርዕሰ መምህሩ የእህቴ ባል ነው። ሌሎቹ አባላት «እንደ አፎቻችን (የሐረሪ መረዳጃ ማኅበር) ተቀምጠን እንጨርሰው፤ መምህራኑም ገንዘቡን ለአላህ ብለው ይተዉና ይታረቁ» ይላሉ። ምን ይመክሩኛል?

አንባቢያችሁ፣ ከሐረር

መልስ

አባታችን፣ አስቀድመው ከዚህ ጉዳይ ላይ ሰብሳቢነትዎን ለሌላ አባል ያስተላልፉ፤ ይህም በቃለ ጉባኤ ይመዝገብ። ፍርድዎ ትክክል ቢሆን እንኳ እርስዎ በእህትዎ ባል ላይ የሰጡትን ውሳኔ መምህራኑ አያምኑትም፤ እርሱም ቢፈረድበት ቤተሰብ አጣላኝ ይላል።

አፎቻ በሐረሪ ኑሮ ውስጥ በሐዘንም በሠርግም ሰውን አቅፎ የያዘ ትልቅ ተቋም መሆኑን አውቃለሁ፤ የጎረቤትን ጠብ ለማብረድም የሚተካከለው የለም። ነገር ግን አፎቻ ውስጥ የሚቀመጡት እኩል የሆኑ ሰዎች ናቸው። እዚህ ግን አንደኛው ወገን የሌላውን ውል የሚያድስና የሚያቋርጥ ነው፤ መምህሩ በሽማግሌ ፊት «ትቻለሁ» ሲል ከልቡ ይሁን ከፍርሃቱ ማንም አያውቅም። ስለዚህ ጉዳዩን ለሁለት ክፈሉት። ስድቡንና መቀያየሙን ሽማግሌ ይየው፤ ይቅርታም ይጠየቅበት። ገንዘቡ ግን ከፔሮሉና ከክፍለ ጊዜ ሰሌዳው ተሰልቶ ይከፈል። በሙስሊሞች መካከል የሚደረግ ሱልህ (እርቅ) ሐላሉን ሐራም ወይም ሐራሙን ሐላል እስካላደረገ ድረስ የተፈቀደ መሆኑን የሚናገረው ሐዲሥ ወሰኑን አስቀምጦላችኋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁም ውል በስምምነት በሚቋረጥበት ጊዜ እንኳ ሠራተኛው በሕግ ያገኘውን መብት እተዋለሁ ቢል መተዉ ሕጋዊ ውጤት የለውም ይላል። ዛሬ ለአላህ ብሎ እንዲተው ያደረጋችሁት መምህር ነገ በፍርድ ቤት ሊጠይቃችሁ ይችላል ማለት ነው።

አቤቱታ ያቀረቡት መምህራን በዚህ ምክንያት ውላቸው እንዳይቋረጥም ይጠንቀቁ፤ በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረብ ለስንብት በቂ ምክንያት እንደማይሆን አዋጁ በግልጽ ደንግጓል። ትምህርት ቤቱ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለመክፈል አቅም ካጣ፣ ዕዳውን አምኖ በየወሩ የሚከፍለውን መጠን የሚገልጽ ጽሑፍ ለእያንዳንዱ መምህር ይስጥ። ይህ ጽሑፍ በመምህራኑ ላይ የሚቆጠረውን የይርጋ ጊዜ ስለሚያቋርጥ ከአባላቱ አንዳንዶቹ መፈረም ይፈሩ ይሆናል፤ እርስዎ ግን ከዳኝነቱ ቢወጡም ይህ ወረቀት እንዲፈረም ከመገፋፋት አይቆጠቡ።